እሸቱ የማይበላ ፍሬ፦ ፔካንን ከዛፉ ሥር ስለ መማር

(በገላን አቅራቢያ ለተሰበሰቡ የጓሮ አትክልትና ፍራፍሬ አልሚዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህኖች ይታያሉ። በሁለቱም ላይ ያለው ፔካን የሚባለው የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ዛፍ፣ እዚሁ ከገላን ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ አንድ ግቢ የተለቀሙ ናቸው። ንግግሬን እስክጨርስ ድረስ እንዳትቀምሷቸው እለምናችኋለሁ፤ ምላሳችሁ ከመፍረዱ በፊት የልዩነታቸውን ምክንያት ማስረዳት እፈልጋለሁና።

እኛ በዚህ አገር ትኩስ የሚለውን ቃል ከእህልና ከፍሬ ጋር ስናነሣ ወደ አእምሯችን የሚመጣው እሸት ነው። ከመስከረም የበቆሎ እሸት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር የሽምብራ እሸት ድረስ፣ ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ በአስፋልቱ ዳር ታቅፈው የሚሸጡልን ሁሉ ጣዕሙ ባለመድረቁ ላይ ነው። እኔም ፔካን ፍለጋ ስነሣ ይህንኑ ልማድ ይዤ ነበር፤ ከዛፉ እንደ ወረደ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ካገኘሁት ትኩሱ እርሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ እምነት ለዚህ ፍሬ እንደማይሠራ ነው። ፔካን ትኩስ የሚባለው በወደቀ ዕለት ሳይሆን በአግባቡ ደርቆ ባበቃ ዕለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያሉት ሁለት ሳምንት የሚያህሉ ቀናትም ዛፉ ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ጣዕም ያድኑታል ወይም ያጠፉታል።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለውዝ ስንል ኦቾሎኒን ማለታችን ነው፤ ይህም ከአፈር በታች የሚያፈራ የባቄላና የአተር ዘመድ ሲሆን፣ ስመ ጥሩው ከሐረርጌ ከባቢሌ ይመጣልናል። ነቢዩ ኤርምያስ ያየው የለውዝ በትር ደግሞ የሌላ ዛፍ ነው። ፔካን ከሁለቱም የተለየ፣ የዋልነት የቅርብ ዘመድ ነው። የትውልድ ስፍራው በሰሜን አሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ፣ ኦክላሆማ፣ ቴክሳስና ሰሜናዊ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ስሙም ከአልጎንኪን ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደና በድንጋይ የሚሰበር ፍሬ ማለት ነው። ዛሬ በብዛት የሚያመርቱት ሜክሲኮና አሜሪካ ናቸው፤ ከአህጉራችን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ትመራለች።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ከአንድ ትልቅ መደብር የገዛሁት የታሸገ ፔካን ነበር። አስኳሉ ጠቆር ያለ ቡናማ ነበር፤ ሲያኝኩት መጀመሪያ ጣፈጥ ይልና ወዲያው ጉሮሮ ላይ የቆየ የኑግ ዘይት ሽታ ይተዋል። ፍሬው በተፈጥሮው እንዲህ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ትቼው ነበር። በኋላ እንደተማርሁት ግን የፔካን አስኳል ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር በተፈራረቁበት መጠን ይበላሻል። ያ ፍሬ መርከብና መጋዘን አልፎ፣ ሞቃት መደርደሪያ ላይ ወራት ከርሞ እጄ የደረሰ ነበር። እኔ የቀመስሁት ፔካንን ሳይሆን የመንገዱን ርዝመት ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን በዕድራችን ድንኳን ውስጥ ይህንን ስናገር አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት እናት፣ «ልጄ፣ እኛ ግቢ ያለው ዛፍ የሚያፈራው እርሱን ሳይሆን አይቀርም፤ ኅዳር ሲገባ ና» አሉኝ። ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ፈለጉ እማማ እያልሁ እቀጥላለሁ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመርቀው ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ኦክላሆማ ተልከው ነበር። ዓለማያ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተቋቋመ ኮሌጅ መሆኑን ከመካከላችሁ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ኦክላሆማ ደግሞ ፔካን በወንዝ ዳር ሳይተከል የሚበቅልባት አገር ናት። ሰውየው ሲመለሱ ሰባት ፍሬ በእርጥብ አሸዋ ቀብረው በቆርቆሮ ጣሳ ይዘው መጡ፤ የፔካን ዘር ፈጽሞ ከደረቀ እንደማይበቅል ያውቁ ነበርና። ከሰባቱ ሁለቱ በቀሉ። (ዛሬ ማንም ይህንን እንዳያደርግ በዚሁ አደራ እላለሁ። የፔካን ነቀዝ ትል በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ከአገር አገር ሊሻገር ስለሚችል፣ ዘርም ሆነ ችግኝ በኳራንቲን ፈቃድ ብቻ መግባት አለበት።)

ከሁለቱ ዛፎች አንደኛው አጥሩ ሲፈርስና መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ። እማማ እንደሚሉት ከዚያ ዓመት ጀምሮ የቀረው ዛፍ ፍሬ እያነሰ ሄደ፤ እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ዛፉ ሐዘን ገብቶት ነው ይሉ ነበር። ይህ አባባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ፔካን ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ዛፍ ላይ ያወጣል፤ ነገር ግን ሁለቱ አበቦች አብረው አይደርሱም። አንዳንዱ ዛፍ በመጀመሪያ የወንዴውን ብናኝ ያራግፍና ሴቴዋ ኋላ ትከፈታለች፤ ሌላው ዛፍ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ብናኙን የሚያጓጉዘው ንብ ሳይሆን ነፋስ ነው። ስለዚህ ጊዜያቸው የሚገጥም ሁለት ዓይነት ዛፎች ተቀራርበው ሲኖሩ ፍሬው ይበዛል፤ ብቻውን የቀረ ዛፍ ግን ሁለቱ ጊዜያት በሚደራረቡባቸው ጥቂት ቀናት ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። በዚህ ላይ ፔካን አንድ ዓመት በብዛት አፍርቶ በሚቀጥለው የሚያርፍ ዛፍ ነው፤ የእማማም ዛፍ እንዲሁ አንዱን ዓመት ይሰጣል፣ አንዱን ይነሣል።

አሁን ወደ አዝመራው ልግባ፤ የመጣሁትም ስለዚህ ነው።

በዚያ ግቢ ፍሬው የሚደርሰው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ፍሬው ሁለት ልብስ አለው፤ የውጩ ወፍራም አረንጓዴ ልጣጭ ሲሆን፣ ከሥሩ ጠንካራውና ቡናማው ቅርፊት አለ፤ አስኳሉ የሚገኘው ከዚያ ውስጥ ነው። መድረሱን የሚናገረው ልጣጩ ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ በአራት መስመር ይሰነጠቅና እንደ ደረሰ የጥጥ ፍሬ ይከፈታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያልተከፈተ ፍሬ ከታችኛው ቅርንጫፍ ቀጥፌ በድንጋይ ሰበርሁ፤ አስኳሉ ነጣ ብሎ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ አፍን ይይዛል። እማማ ከእጄ ወስደው አዩትና፣ «እንዲህ ያለውን ቁራ እንኳ አይነካውም፤ ቁራው ሲመጣ ያን ጊዜ ማዳበሪያውን እናነጥፋለን» አሉኝ። እውነትም ከአራት ቀን በኋላ በማለዳ ቁራዎች ዛፉን ከበው ሲንጫጩ አገኘናቸው። በአሜሪካም ቁራ የፔካን ገበሬ ቀንደኛ ተሻሚ ነው።

በትልልቅ እርሻዎች ላይ በትራክተር የተገጠመ ማሽን ግንዱን ጨብጦ ለጥቂት ሰከንድ ያርገበግበዋል፤ ፍሬው ይዘንባል፤ ከዚያ ሌላ ማሽን ጠርጎ በረድፍ ያከማቻል፣ ሦስተኛው ያነሣል። በእማማ ግቢ ይህንን ሁሉ የሚሠሩት የተሰፉ ማዳበሪያዎች፣ አንድ ረጅም ቀርከሃና ሁለት የልጅ ልጆች ናቸው። በቀርከሃው ጫፍ ቆልማማ ብረት ታስሯል፤ ልጆቹ ቅርንጫፉን በእርሱ ይዘው ይነቀንቃሉ እንጂ አይደበድቡም። ይህንን ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ካለው እምቡጥ በሚያድገው ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ በዱላ የሚደበድብ ሰው የዘንድሮውን ሲያወርድ የከርሞውን ይሰብራል።

የወደቀው በዚያው ቀን ይለቀማል። በእርጥብ ሣር ላይ ያደረ ፍሬ ይሻግታል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ከብትም ከዛፉ ሥር መታሰር የለበትም፤ እማማ ጥጃቸውን ከመስከረም ጀምሮ ወደ ሌላው የግቢ ጥግ ያዛውራሉ፤ በእበት ላይ የወደቀ ፍሬ ለሰው የሚሆን አይደለምና። ለቃሚው ጓንት ቢያደርግ ይመረጣል፤ የአረንጓዴው ልጣጭ ጭማቂ ጣትን አጥቁሮ በሳሙና ሳይለቅ ቀናት ይቆያል። ልጣጩ ተጣብቆ አልላቀቅ ያለ ፍሬ ካጋጠመ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያልሞላ ስለሆነ አብሮ መከማቸት አይገባውም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅርብ ተመለከትሁ። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰፌዳቸውን ያዙና የተለቀመውን ልክ እንደ ጤፍና እንደ ምስር ያንገዋልሉት ጀመር። ፍሬዎቹ በሰፌዱ ላይ እየተንከባለሉ ከባዶቹ ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰቡ፣ ቀላሎቹ ወደ ጠርዙ ተገፉ። ከቀላሎቹ አምስት አንሥቼ ሰበርሁ፤ በሦስቱ ውስጥ የተጨማደደ ቅጠል የመሰለ ነገር ብቻ ነበር፣ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። በትልልቅ ፋብሪካዎች ይህንን ሥራ የሚሠራው ከሥር የሚነፍስ አየር ነው፤ ቀላሉን ያበርራል፣ ከባዱን ይተዋል። የእማማ እጅ ያለ አንዳች መሣሪያ እዚያው ይደርሳል፤ ይህንንም ሳይ የተሰማኝ አክብሮት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

የማድረቁ ሥራ ከዚህ ይጀምራል፤ እኔም የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። አዲስ የወደቀ አስኳል ከመቶ 20 እጅና ከዚያም በላይ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ሲደርቅ ወደ 4 ወይም 5 እጅ መውረድ አለበት። እማማ ድርሻዬን ሰጡኝ፤ እኔም ቤቴ ወስጄ በርበሬ እንደሚሰጣ ሁሉ በቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። የኅዳር ፀሐይ ንጹሕ ናት፤ ቶሎ ይደርቃል ብዬ ተደሰትሁ። በሦስተኛው ቀን ስሰብረው አስኳሉ ጠቁሮ ዘይት አውጥቶ ነበር። ፔካን የሚፈልገው ሙቀት ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ከ38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀ እንደሆነ ዘይቱ መበላሸት ይጀምራል፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ደግሞ ከዚህ እጅግ አልፎ ይሄዳል። እማማ ያደረቁት በበረንዳው ጥላ ውስጥ፣ ወንፊት በተወጠረበት የሽቦ አልጋ ላይ፣ ሁለት ጣት ከፍታ ብቻ አድርገው በመስጣትና ጠዋትና ማታ በማገላበጥ ነበር። ከላይም ከታችም አየር ያገኘዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ፈጽሞ አስቤው አላውቅም ነበር። ኅዳር 12 ቀን ማለዳ፣ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ከማጤሱ በፊት፣ እማማ አልጋውን ከነፍሬው ወደ ጓዳ አስገብተው በሩን ዘጉ። የፔካን አስኳል ቅባት ስለሆነ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ የዚያ ጠዋት ጭስ ከገባበት ዓመቱን ሙሉ ከውስጡ አይወጣም። ይህንን ከማንም አልተማሩትም፤ አንድ ዓመት ደርሶባቸው ነው ያወቁት።

መድረቁ የሚታወቀው በጣት ነው። አንድ ፍሬ ተሰብሮ ግማሹ አስኳል በሁለት ጣት ይያዝና ይታጠፋል፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከጎበጠና ከተመለሰ ገና ነው። በእማማ በረንዳ ይህ የሆነው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነበር። ያን ዕለት የቀመስሁትን ጣዕም እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፤ ከስኳር የማይመጣ ጣፋጭነት፣ አዲስ ከተነጠረ ቅቤ ጋር የሚቀራረብ መዓዛ፣ ጉሮሮ ላይ ምንም ሳይተው የሚጠፋ። ከመደብር የገዛሁት ያ ፍሬ የዚህ ጥላው እንኳ አልነበረም።

ለመስበር ስሙ እንደሚለው ድንጋይ ይበቃል፤ ቢሆንም አስኳሉ ሳይደቅ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ፍሬውን በሙቅ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፋችሁ፣ አጠንፍፋችሁ፣ ጎኑን ሳይሆን ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ስበሩት። በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለው ቡሽ የመሰለ ቡናማ ክፍልፋይ መራራ ስለሆነ አብሮ መበላት የለበትም። እኔ ከሰፌድ ከተረፈው አንድ ኪሎ መዝኜ ሰብሬ ያገኘሁት አስኳል 350 ግራም ያህል ነው። ከተመረጡ ዝርያዎች ከግማሽ ኪሎ በላይ ይገኛል፤ የእማማ ዛፍ ግን ከዘር የበቀለ ስለሆነ ቅርፊቱ ወፍራም፣ አስኳሉ ትንሽ ነው።

ስለ ተመረጡ ዝርያዎች ከተነሣ የአንድ ሰው ስም መጠራት አለበት። ከዘር የበቀለ ፔካን እናቱን አይመስልም፤ ጥሩውን ዛፍ ለማብዛት ቅርንጫፉን ከሌላ ግንድ ጋር አጋብቶ ማዳቀል ያስፈልጋል፤ ይህም በፔካን ላይ ለብዙ ዘመን አልሳካ ብሎ ነበር። በ1846 እ.ኤ.አ. ገደማ በሉዊዚያና፣ ኦክ አሊ በሚባለው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት ይሠራ የነበረ አንትዋን የሚባል አትክልተኛ 16 ዛፎችን አዳቅሎ ተሳካለት። ከእርሱ እጅ የወጣው ዝርያ በ1876 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ በተደረገው ኤግዚቢሽን ተሸልሞ «ሴንቴኒያል» ተባለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የፔካን ልማት የቆመው በዚህ ሰው እጅ ጥበብ ላይ ነው፤ ከታሪኩ ለእኛ የደረሰው ግን የአባቱ ስም እንኳ የሌለበት አንድ ስም ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

መትከል የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማምንበትን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ፔካን ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ወቅትና አስኳሉን የሚሞላበት ረጅም ሞቃት ወቅት ይፈልጋል። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ቀኑ በበቂ አይሞቅም። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ዱከም ሜዳ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በሱሉልታ ወይም በእንጦጦ ግርጌ ላላችሁ ይህንን ዛፍ አልመክርም። ከዱከም ወደ ሞጆና ወደ ስምጥ ሸለቆው በወረድን መጠን ተስፋው ይጨምራል። የአካባቢያችን መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ሥሩን ወደ ታች አጥልቆ ለሚሰድደው ፔካን ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ውኃ የማይተኛበት፣ ጥልቅ አፈር ያለው ስፍራ ይመረጥ። የክረምቱ እርጥበት በቅጠሉና በልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ያመጣል። ቅጠሉ አንሶና ተጨማዶ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ከተሰበሰበ የዚንክ እጥረት ነው፤ በአሲድነቱ ዝቅ ያለ አፈር ላይ ዚንክ ለሥሩ ስለማይደርስ መድኃኒቱ በቅጠሉ ላይ ይረጫል። ቢቻል የአበባ ጊዜያቸው የሚደጋገፍ እንደ ዌስተርንና ዊቺታ ያሉ ሁለት ዝርያዎች የተዳቀሉ ችግኞች፣ ቢያንስ አሥር ሜትር ተራርቀው ይተከሉ። የተዳቀለው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት፣ ከዘር የበቀለው አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ያስጠብቃል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚሆን ዛፍ አይደለም።

ለመግዛት ብቻ ለምትፈልጉ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ሻጩን መቼ እንደ ወደቀ፣ በጥላ ወይስ በፀሐይ እንደ ደረቀ፣ ከደረቀ በኋላ የት እንደ ተቀመጠ ጠይቁት፤ አንዱን ሰብራችሁም ቀለሙን እዩ። አዲሱ እንደ ገለባ ፈካ ያለ ወርቃማ ነው፤ እየጠቆረ በሄደ መጠን አርጅቷል። ቅርፊቱን ጆሯችሁ ላይ ስታንቀጠቅጡት በጣም የሚንኳኳ ከሆነ አስኳሉ ተጨማድዷል። ቤት ከገባ በኋላ በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስቀምጡት ዓመት ይቆያል፤ በረዶ ቤት ከገባ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት። ከሽንኩርትና ከበርበሬ አጠገብ ግን አይቀመጥ፤ ምክንያቱን ከእማማ የኅዳር ጭስ ታውቁታላችሁ።

በቀኝ በኩል ያለው ሳህን በእማማ በረንዳ ጥላ ውስጥ የደረቀው ነው። በግራ በኩል ያለው እኔ በቆርቆሮ ላይ ያሰጣሁት ነው። ከግራው ጀምሩ፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ ውኃ ጠጥታችሁ ወደ ቀኙ እለፉ። እማማ ዘንድሮ ዛፉ የሚሰጥበት ዓመት ስለሆነ በለቀማው ሊረዳቸው የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ደስ እንደሚላቸው ንገር ብለውኛል። የምትመጡ ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ ጻፉልኝ፤ ጓንት ይዛችሁ ኑ፤ ቀኑን ቁራዎቹ እንደ መጡ እደውልላችኋለሁ።